ማን ነው የሚጎትተን?

ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሲንቀረፈፍ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ሆነ?» አይደለም፤ «ማን ነው ዳውንሎድ የሚያደርገው?» ነው። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ክስ ነው። አንድ ሰው፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ከድርሻው በላይ እየወሰደ ነው ብለን ወስነን ጨርሰናል፤ የቀረን ስሙን ማወቅ ብቻ ነው። ተጠርጣሪው ከክፍሉ ሆኖ «እኔ አይደለሁም!» ብሎ ይጮሃል። ራውተሩ ይነቀላል፣ ይሰካል። ለአስር ደቂቃ ሰላም ይሆናል። ከዚያ ክሱ እንደ አዲስ ይከፈታል።

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፣ የምሠራው ደግሞ ሶፍትዌር። በዘመድ አዝማድ ዘንድ ይህ ማለት የዋይፋይ ወጌሻ ነኝ ማለት ነው። «ነይ ቡና ጠጪ» ተብዬ ሄጄ ራውተር ሳላይ የወጣሁበት ቤት ጥቂት ነው። ከዚህ ሁሉ ዙር አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። የቤት ዋይፋይን ለማሻሻል የምንወስናቸው ውሳኔዎች የቴክኒክ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የፍትሕ ውሳኔዎች ናቸው። ለማን ይቅረብ? ማን ይጠብቅ? ማን ይቅርበት? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ኬብልና በአንድ ሴቲንግ መልሰናቸው ስናበቃ፣ እንደመለስናቸው እንኳ አናውቅም።

«ማን ነው የሚጎትተን?» የሚለውን ክስ እንደ ቀልድ ማለፍ ያልፈለግኩት ለዚህ ነው። አንዳንዴ ክሱ እውነት ነው። በእርግጥም አንድ ስልክ የቤቱን ሰው ሁሉ ሊጎትት ይችላል። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ግን ከአየሩ መጀመር ያስፈልጋል።

አየሩ የማን ነው?

«ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን ነው። አንደኛው ከውጭ እስከ ራውተሩ የሚመጣው መስመር ነው፤ በየወሩ የምንከፍልበት እሱ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልካችን ያለው አየር ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ፍጥነቱን ለኩ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ገብታችሁ ድገሙት። አጠገቡ ጥሩ ሆኖ መኝታ ቤት ከሞተ፣ መስመሩ ደህና ነው፤ የታመመው አየሩ ነው። ፓኬጅ ብታሳድጉ ገንዘባችሁ ይሄዳል እንጂ መኝታ ቤቱ አይድንም።

አየሩን ማንም አልገዛውም። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተዉትን የሬዲዮ ባንዶች ያለ ፈቃድ ለመገናኛ መጠቀም እንዲቻል ደንብ አወጣ። ከእነዚህ አንዱ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። በሌላ አነጋገር ዋይፋይ የተወለደው ማንም ባለቤት ነኝ በማይልበት፣ ምግብ ማሞቂያ ሳይቀር በሚጮህበት መስክ ላይ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ መስፈርት በ1997 ሲወጣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ነበር።

ባለቤት የሌለው መስክ ላይ ሁሉም እንዳሻው ቢናገር ምን ይሆናል? ይህ ተሞክሯል። በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ አገናኙ፤ ስሙንም አሎሃኔት አሉት። ደንቡ የዋህ ነበር፤ መናገር ስትፈልግ ተናገር፣ ከሌላ ጋር ተጋጭተህ ካልተሰማህ ጥቂት ቆይተህ ድገም። ሒሳቡ ሲሠራ በዚህ ደንብ ከአየሩ አቅም ጥቅም ላይ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በግጭትና በባዶ ዝምታ ያልቃል።

ዋይፋይ ከዚህ የተሻለው አንድ ጨዋነት ስለጨመረ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሌላ ሰው እያወራ ከሆነ ይጠብቃል። ወሬው ሲያበቃም ወዲያው አይዘልም፤ ሁለት ሰዎች እኩል እንዳይጀምሩ በዕጣ የተመረጠ ትንሽ ጊዜ ይታገሳል። በአብዛኞቻችን ቤት ባለው ዋይፋይ ራውተሩ ራሱ ንጉሥ አይደለም፤ እሱም እንደ ስልኮቹ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ ጨዋነት አጥር ተሻግሮም ይሠራል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ የዋይፋይ ዝርዝር ስትከፍቱ የጎረቤት ስም ሁሉ ይደረደራል። 2.4 ላይ ብዙ የቻናል ቁጥር አለ፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤቴ 6 ላይ ከሆነና እኔም 6 ላይ ከሆንኩ እንሰማማለን፤ ተራ እንጠባበቃለን። «ከሰው ልራቅ» ብዬ 4 ላይ ከተቀመጥኩ ግን ከጎረቤቴ ቻናል ጋር በከፊል እነካካለሁ፤ ድምፁ ንግግር መሆኑ ቀርቶ ጫጫታ ሆኖ ይደርሰኛል፣ የእኔም ለእሱ እንዲሁ። ከጎረቤት ጋር አንድ ሰልፍ መያዝ፣ በግማሽ ሸሽቶ ከመረበሽ ይሻላል። ጉልበት መጨመርም ያን ያህል አይጠቅምም፤ ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ ይሰማው ይሆናል፣ ግን ስልኩ በዚያው ጉልበት መልሶ መጮህ አይችልም።

እስካሁን ደስ የሚል ታሪክ ነው። ማዳመጥ፣ መጠበቅ፣ ለሁሉም እኩል ተራ። ክፉው ነገር የተደበቀው እዚሁ እኩልነት ውስጥ ነው።

እኩል ተራ

በ2003 በፈረንሳይ ግሮኖብል ያሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር ይህ ነው። አንድ ዋይፋይ ላይ ከተሰበሰቡት መሣሪያዎች አንዱ ርቆ በዝግታ የሚያወራ ከሆነ፣ የሌሎቹም ፍጥነት ወርዶ ወርዶ እሱ ጋ ይደርሳል። ቅርብ መሆናቸው፣ አዲስ መሆናቸው አያድናቸውም።

ቦኖ ውኃ ለቀዳ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በየተራ አንድ አንድ ጄሪካን። ማንም ማንንም አይቀድምም። ነገር ግን የአንዷ ጄሪካን አፉ የተጣመመ ነው እንበል። ቧንቧውን ሙሉ ከከፈተችው ውኃው ውጭ ይፈሳል፤ ስለዚህ በቀጭኑ ትሞላለች። የወሰደችው አንድ ጄሪካን ነው፤ እንደማንም። የፈጀችው ጊዜ ግን የብዙ ሰው ነው። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ፣ ዕቃው የቱንም ያህል ደህና ቢሆን፣ የሚሄደው በእሷ ፍጥነት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የተለመደ የመረጃ ጥቅል 12,000 ቢት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 54 ሜጋ ቢት የሚያወራ ስልክ ይህን ለመላክ 0.22 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። በ1 ሜጋ ቢት የሚያወራው 12 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ተራ በተራ ሲሄዱ አንዱ ዙር 12.22 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ዙር ሁለቱም አንድ አንድ ጥቅል ልከዋል። ስለዚህ ሁለቱም የሚያገኙት በሰከንድ 0.98 ሜጋ ቢት ነው። 54 የነበረው 1 እንኳ አልሞላም። (እውነተኛው አየር ላይ ሌላም ብክነት አለ፤ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። ጠባዩ ግን ይኸው ነው።)

ኤርታይም

እኛ ቤት ዘገምተኛው ስልክ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። ታናሽ ወንድሜ አንድ አፕ ጭኖ አገኘው። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ስልክ ነበር። የምታድረው ግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ለሬዲዮ ሞገድ ከዚህ የባሰ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስልኳም አሮጌ ነው። ማታ ዕቃ ታጥቦ ሲያበቃ ቤይሩት የምትሠራው እህቷ በኢሞ ትደውልላታለች። ወንድሜ ጌም የሚጫወትበትም፣ እኔ ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር ስብሰባ የምገባበትም ሰዓት ያው ነው።

«የሷ ስልክ ነው የሚጎትተን። ብሎክ አድርጊው በቃ። ኢንጂነር አይደለሽ?» አለኝ።

እናቴ ጣልቃ ገባች። «ምን ማለትህ ነው? ከእህቷ ጋር አታውራ ነው የምትለው?» ትንሽ ቆይታ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ሥራሽን የሚያቋርጥብሽ ከሆነ ግን... አንቺ ታውቂያለሽ» አለች።

ወንድሜ ክፉ ልጅ አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ በቴክኒክ ትክክል መሆኑ ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ የእሱን ክስ ይደግፋል። የእኔም እንጀራ ያለው እዚያ ስብሰባ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ክሱ ውሸት ነው» በማለት የሚታለፍ አልነበረም። እውነት ሆኖ ሳለ ምን እናድርግ የሚል ነበር።

የመጀመሪያው አማራጭ ማገድ ነው። ይህን ብዙም አልከራከርበትም፤ ወንድሜም ጮክ ብሎ ከተናገረው በኋላ አፈር ብሏል።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋ ነው። አንዳንድ ራውተሮች ሴቲንግ ውስጥ «ኤርታይም ፌርነስ» የሚል አለ፤ የአየር ጊዜ ፍትሕ እንደ ማለት። ፍትሕ የምትባለዋ ቃል፣ ሊቃውንት ስንት ዘመን የተከራከሩባት፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቲክ ተደርጋ ትበራለች። ሐሳቡ ይህ ነው፤ እኩል ተራ ሳይሆን እኩል ጊዜ እንስጥ። ቦኖው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጄሪካን ማለታችንን ትተን አንድ ደቂቃ እንበል። በደቂቃህ የሞላኸው ያንተ ነው። በእኛ ምሳሌ ፈጣኑ ስልክ በግማሽ ጊዜው 27 ሜጋ ቢት ያገኛል። ዘገምተኛው 0.5 ያገኛል። አንዱ ሃያ ሰባት እጥፍ አደገ፤ ሌላው ከነበረው ከአንድ በታች ግማሹን አጣ።

ፍትሐዊ ነው? ነው የሚያሰኝ ጠንካራ ምክንያት አለ። ማንም ከማንም የበለጠ አልወሰደም። ሁሉም ለራሱ ዝግታ ራሱ ይከፍላል እንጂ ለሌላው አያስከፍልም። ኢንጂነር ሆኜ ሳየው ያምራል። ሰው ሆኜ ሳየው አንድ ነገር ይጎረብጠኛል።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1979 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ንግግር ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ «የምን እኩልነት?» የሚል። ነጥባቸውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ለሁለት ሰዎች እኩል ነገር ሰጥታችሁ እኩል አላደረጋችኋቸው ይሆናል፤ አንደኛው አካል ጉዳተኛ ከሆነ በዚያው ገንዘብ ሌላው የሚያደርገውን ማድረግ አይችልም። መታየት ያለበት የተሰጠው ብቻ ሳይሆን ሰውየው በተሰጠው ምን ማድረግ ቻለ የሚለው ነው። ኤርታይም ፌርነስ ለእኔና ለእሷ እኩል ሰዓት ይሰጠናል። በእኔ ሰዓት ስብሰባ ይካሄዳል። በእሷ ሰዓት የእህቷ ፊት ይቀዘቅዛል፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ መስመሩ ይወርዳል። ሰዓቱ እኩል ነው፤ የተደረገበት ነገር ግን አይገናኝም።

ሦስተኛው አማራጭ ሁለት መንገድ መክፈት ነው። አዳዲስ ራውተሮች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ አላቸው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል፤ 2.4 ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይሻገራል። የቅርብ መሣሪያዎችን 5 ላይ፣ የሩቆቹንና የአሮጌዎቹን 2.4 ላይ ብታደርጉ አንዱ ሌላውን አይጎትትም። ሁለት ባንድ ያለው ራውተር ካላችሁ አድርጉት፤ ጥሩ ምክር ነው። የእኛው 2.4 ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ አልተቻለም። ሳስበው ግን እንኳንም አልተቻለ።

ለምን? ሁለት መንገድ ቢኖረን ኖሮ የወንድሜ ጌም ይፈጥን ነበር፣ የእኔም ስብሰባ አይቋረጥም ነበር፣ ሰርቪስ ቤቱ ግን እንደነበረው ይቀራል። ከዚያ በኋላ «ማን ነው የሚጎትተን?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ችግሩ ተፈታ ማለት ግን አይደለም። የሁላችንም የነበረው ችግር የእሷ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ያ የተረገመ እኩል ተራ፣ ሁላችንንም ወደ 0.98 ያወረደው፣ ቢያንስ አንድ ነገር ያደርጋል። ከእኛ የራቀው ሰው ችግር እስከ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ በር ያንኳኳል። መጎተት የምንለው ነገር መልእክት ነው። ኤርታይም ፌርነስም ሆነ ሁለተኛው መንገድ መልእክቱን ሳያነቡ መልእክተኛውን የማሰናበት ዘዴ ሊሆኑ ይችላሉ።

ራውተሩ ዳንቴል ለብሶ

መልእክቱ ምን ይላል? «እሷ ሩቅ ናት» ይላል። ሩቅ ከምን?

የአበሻ ቤት ራውተር የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ሳሎን ነው። ቴክኒሻኑ መስመሩን ያስገባው በዚያ በኩል ነው፣ ቴሌቪዥኑም እዚያ ነው፤ ስለዚህ ቡፌው ላይ፣ አንዳንዴም ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቶና ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጋር ይቀመጣል። አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ሞገዱን አያግደውም፤ ከኋላው ያለው ቴሌቪዥን፣ የቡፌው መስታወትና የቤቱ የኮንክሪት ምሰሶ ግን ያግዱታል። የሚገርመው ሳሎን ብዙ ቤት ውስጥ ሰው የማይኖርበት ክፍል መሆኑ ነው። የእንግዳ ነው። የቤቱ ሰው የሚውለው ወጥ ቤትና ጓዳ፣ መኝታ ቤትና በረንዳ ነው። የቤቱን ምርጥ ሲግናል ሰጥተን ያስቀመጥነው ለባዶ ሶፋ ነው።

«ቀርፋፋ ስልክ» ስንል ቀርፋፋነቱ ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስላል። እርግጥ ስልኳ አሮጌ ነው፤ አዲስ ቢሆን ይሻል ነበር። ነገር ግን ያው ስልክ ቡፌው አጠገብ ሲመጣ ሌላ ስልክ ይሆናል። ዋይፋይ ላይ ፍጥነት የዕቃ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ነገር ነው። አንደኛው ነጥብ እሷ ናት። ሌላኛውን ነጥብ እሷ አልመረጠችም። «የምን እኩልነት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ የማምነው ለዚህ ነው፤ መሐሉን የተከለው ማን ነው? የተራው ደንብም፣ የጊዜው ደንብም ራውተሩን ካለበት ሳይነኩ ነው የሚያከፋፍሉት።

አንድ ቅዳሜ 15 ሜትር ኬብል ገዝቼ ራውተሩን ከቡፌው አውርጄ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ የጀርባው መስኮት አጠገብ፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። መስታወት ከብሎኬት በብዙ ይሻላል። ሪፒተር ያልገዛሁት በምክንያት ነው፤ ርካሹ ሪፒተር የሰማውን ሁሉ በዚያው ቻናል ላይ መልሶ ስለሚናገር አንድ ወሬ ሁለቴ ይወራል፣ አየሩም በእጥፍ ይሞላል። የቀረ ኬብል ሁልጊዜ ከሚጮህ ሳጥን ይሻላል።

ቁጥሩ ምን እንደሚሆን በምሳሌያችን እዩት። ራውተሩ ወደ መሐል ሲመጣ ፈጣኑ ስልክ ከ54 ወደ 36 ወረደ፣ ዘገምተኛው ከ1 ወደ 24 ወጣ እንበል። በዚያው በድሮው እኩል ተራ ሁለቱም 14.4 ሜጋ ቢት ያገኛሉ። ድምሩ 28.8 ነው። በኤርታይም ፌርነስ ያገኘነው ድምር 27.5 ነበር። ደንቡን ሳንለውጥ፣ መሐሉን ብቻ አንቀሳቅሰን፣ ደካማውም ጠቀመው፣ ጠቅላላውም አደገ። ፈጣኑም ቢሆን ብቻውን ሲለካ 54 መሆኑ ቀረበት እንጂ ከሰው ጋር ሲኖር ከ0.98 ወደ 14.4 ነው የሄደው።

ያጣም አለ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን አሁን አልፎ አልፎ እያሰበ ነው የሚጫወተው። አባቴ «እንግዳ ሲመጣ ቢቆምስ?» ብሏል። ቢቆም ቡና እንጠጣለን።

ከፋዩስ?

አባቴ ያነሳው ሌላ ነገር ግን በቡና የሚታለፍ አይደለም። «የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ለቤቴ ሰው ብዬ ነው» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዋይፋይ ፓስዎርድ ለቤት ሠራተኛ መስጠት ችሮታ ነው ወይስ ግዴታ?

ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የከፈልነው ለመስመሩ ነው። አየሩን ማንም አልሸጠልንም፤ አየሩ ውስጥ ጎረቤትም አለ፣ እሷም አለች። ሁለተኛ፣ ችሮታ ነው ብንል እንኳ ችሮታም የራሱ ሕግ አለው። በስም ሰጥቶ በተግባር መንሳት መስጠት አይባልም። ፓስዎርዱን ሰጥተናት ሲግናሉ ሰርቪስ የማይደርስ ከሆነ የሰጠናት ስምንት ፊደል ነው። ደግሞስ «ለቤቴ ሰው» ሲባል፣ በቀን ከሁላችን የበለጠ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ያለችው ማን ናት?

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የራሴ ነው። እኛ ቤት እሷን መጥቀም ሁላችንንም ጠቀመ። ይህ የሒሳቡ ደግነት ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። መሐሉን ማንቀሳቀስ የማይቻልበት ቤት አለ፤ አንዱን ማቅረብ ሌላውን በእውነት የሚያርቅበት አለ። በዚያ ጊዜ ምን እላለሁ? ሁሉም እኩል ፍጥነት ያግኝ አልልም። እኩልነት ሁሉንም ወደ 0.98 ሊያወርድም እንደሚችል አይተናል። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከሁሉም የራቀው ሰው የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ለማድረግ የሚበቃው ይድረሰው። ከዚያ በላይ ያለውን እንደፈለግን እንከፋፈል። ወንድሜ ጌሙን ይጫወት፣ እኔ ስብሰባዬን ልሰብሰብ። እዚያ ወለል ላይ ሳንደርስ ግን ስለ ድርሻ መጨቃጨቅ ቅንጦት ነው።

ችግሩ ወለሉ የት እንዳለ የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው። ራውተሩን ከማንሳቴ በፊት ጠይቄያት ነበር። ማታ ማታ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ ነበር የምታወራው።

«ሰርቪስ ውስጥ አይሠራልሽም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ይሠራል» አለችኝ። «እዚህ ጋ ስቆም ይሠራል።»

ቅሬታ አልነበረም። መረጃ እየሰጠችኝ ነበር። ሰው ካለበት ጥግ ጋር ሲላመድ ጥጉ ችግር መሆኑ ቀርቶ አድራሻ ይሆናል። ስለዚህ «ቅሬታ ያለው አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ቅሬታ የሚያቀርቡት ለራውተሩ የቀረቡት ናቸው፤ 54 ምን እንደሆነ የሚያውቁት፣ ወደ 10 ሲወርድ የሚጮሁት።

ይህ ነገር በሥራዬም ያጋጥመኛል። አፕ ስንሠራ የምንሞክረው በአዲስ ስልክ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ራውተሩ ከጭንቅላታችን በላይ ተሰቅሎ ነው። እኛ ጋ በቅጽበት ይከፈታል። ከዚያ አንድ ሰው ከሩቅ «አልከፈት አለኝ» ሲል «ኔትወርክህ ነው» እንለዋለን። እሱም ያምነናል።

ዛሬ ማታ ዋይፋያችሁን ልታሻሽሉ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ራውተሩን ከቡፌ አውጡት፣ ከፍ አድርጉት፣ ወደ ቤቱ መሐል አምጡት። ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ምረጡ። ሪፒተር ከመግዛታችሁ በፊት ኬብል አስቡ። ፍጥነቱን ስትለኩ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ አትለኩ። ተነሱና በቤቱ ውስጥ ከሁሉም የራቀው ሰው የሚያድርበት ክፍል ሂዱ፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ በሩን ዝጉ፣ እዚያ ለኩ። የቤታችሁ ፍጥነት እሱ ነው።